መርፌ የማይገባበት ቦታ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ
ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሌንሳ ኮርሳ
ጅማ

ልጄ ሌንሳ፣

ደህና መሆንሽን ከእናትሽ ስለምሰማ በጤና ጥያቄ ወረቀት አላባክንም። እኔም ደህና ነኝ። ጆሮዬ ትንሽ ከብዷል እንጂ ሌላው አካሌ ያዘዝኩትን ይሠራል።

ይህን ደብዳቤ እናትሽ ማናዬ ነገ ወደ አንቺ ስትመጣ ይዛልሽ ትመጣለች። ለሠርግሽ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ዕቃሽን አስይዛ ወደ አጎትሽ ወደ ቦና ቤት ልታመጣሽ እንደሆነ ነግራኛለች። ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ጅማ ከሄድሽ ወዲህ አንድ ቀን አላነሳሽልኝም። ብታነሺልኝም ከአፌ የሚቀድመው ቁጣ ነው፤ ታውቂኛለሽ። ወረቀት ላይ ግን ቁጣውን ቀድጄ እንደገና መጀመር እችላለሁ። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሽማግሌዎቹ ልንገርሽ። ቦና ነግሮሽ ይሆናል፤ እሱ ግን የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ኅዳር 7 ቀን እሑድ ነበር። ከጅማ ሽማግሌ እንደሚመጣ እናትሽ ሳታስበው አምልጧት ሰምቻለሁ። ወደ ማን ቤት እንደሚመጣ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አባት በሕይወት እያለ ሽማግሌ የሌላ ሰው በር ያንኳኳል ብዬ እንዴት ላስብ? ጠዋት ተነስቼ ግቢውን ጠረግኩ። ወንበሮቹን አውጥቼ ደረደርኩ፤ እግሩ የላላውን ከኋላ ደበቅኩት። ግራጫውን ኮቴን ለበስኩ። እናትሽ ጓዳ ገብታ አልወጣም አለች።

"ምን ሆነሻል? እንግዳ ሊመጣ አይደለም እንዴ?" አልኳት።

"ኮርሳ፣ ኮትህን አውልቅ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ራሷን ያመማት መሰለኝ።

አራት ሰዓት ላይ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ከሀይሌ ጋርመንት በኩል መጡ። በሬን ከፍቼ ቆሜ ነበር። ጃንጥላ የያዘው ረጅሙ ሰውዬ ፊቴ ቆመና እጅ ነሣ።

"እንደምን አደሩ? የአቶ ቦና በንቲን ቤት ያውቁታል?"

ሌንሳ፣ በሬን ከኋላዬ ዘጋሁት። ከዚያ "አውቀዋለሁ፤ ግራ ያጋባል፣ ላድርሳችሁ" አልኩ። ቤቱ ግራ እንደማያጋባ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሀና ማርያም ሳይደርሱ ወደ ግራ መታጠፍ ብቻ ነው። ለምን አብሬያቸው እንደሄድኩ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት የአንቺ ሽማግሌዎች ስለሆኑ ይሆናል።

ረጅሙ ሰውዬ ጨዋታ አዋቂ ነው። መንገዱን ሙሉ አላረፈም።

"ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው" አለኝ። "የአቶ ቦና የወንድማቸው ልጅ ናት፤ የላብራቶሪ ባለሙያ። ሚሳኤል የሚባለው ልጃችን ደም ሊመረመር ሄዶ ነው ያያት። ደሙንም ልቡንም እዚያው አስረክቦ መጣ!"

ሁለቱ ሳቁ። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል።

"አባት የላትም?" አልኩ።

"አለ ይባላል። ልጅቷ ግን ወደ አጎቴ ሂዱ ብላናለች። እኛ ምን አገባን፣ የታዘዝነውን በር ነው የምናንኳኳው።"

"መቼም አባቷን የዘለለችው ያለ ነገር አይደለም" አለ አጭሩ።

"ተው እንግዲህ በሰው ሰፈር!" ብሎ ረጅሙ ገሠጸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እርስዎ ዘመድ ነዎት?" አለኝ።

"ጎረቤት ነኝ" አልኩ።

ቦና በሩን ሲከፍት በመካከላቸው አየኝ። ፊቱ እንዴት እንደሆነ አልነግርሽም። "ጋሼ!" አለና እጄን ያዘ፤ "ግባ እንጂ። በሞቴ ግባ።" "እንግዶችህን አስገባ" ብዬው ተመለስኩ። ረጅሙ ሰውዬ ከኋላዬ "እግዚአብሔር ይስጥልን አባቴ፣ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው" እያለ ይመርቀኝ ነበር። ቤት ስደርስ እናትሽ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ውስጥ መልሳ አስገብታቸዋለች።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የጻፍኩልሽ የዚያን ሳምንት ቁጣ ነበር። አሳፈርሽኝ፣ ሰፈር አዋረድሽኝ የሚል ነው። ቀድጄዋለሁ።

ከዚያ በፊት የሆነውን አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ በፊትሽ ላይ ነው የተሸከምሽው። እኔ እንዴት እንደሠራሁት ግን ነግሬሽ አላውቅም።

ቀለበት መንገዱ ሲሠራ ወገቤ ተይዞ መነሳት አቅቶኝ እንደነበር እናትሽ አጫውታሻለች። የካምፑ ሐኪም ሽማግሌ ቻይናዊ ነበር፤ የምንግባባው በእጅ ምልክት ነው። ስድስት ቀን መድኃኒት የሌለው ቀጭን መርፌ ወጋኝና በሰባተኛው አካፋ ያዝኩ። አገሩ ሲመለስ አንድ ሣጥን መርፌና ያንን ባለሥዕል መጽሐፍ ሰጠኝ። ጽሑፉን አላነብም። ሥዕሉን ግን ነጥብ በነጥብ አጠናሁት። ፊደልንም ያለ አስተማሪ ከማዳበሪያ ጆንያና ከመንገድ ምልክት ላይ የለየሁ ሰው ነኝ፤ ይህም አይከብደኝም ብዬ ነው። መጀመሪያ በራሴ እግር ላይ ሞከርኩ። ቀጥሎ የሰፈሩ ሰው ጉልበቴን፣ ትከሻዬን እያለ መጣ። ብዙዎቹ ቀለላቸው። "ሐኪም ኮርሳ" ይሉኝ ጀመር። ትምህርት ቤት በር ረግጬ የማላውቅ ሰው ሐኪም ስባል ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ለአንቺ ተናገርኩ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሆነሽ ፊትሽን ብጉር ወረሰው። በበሩ የሚያልፉት ወንዶች "ኮብልስቶን መጣች" ሲሉሽ ሰምቻለሁ። ሻርፕሽን እስከ ዓይንሽ ጠቅልለሽ ትገቢ ነበር። "አባዬ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ውሰደኝ" አልሽኝ። እኔ የጎረቤታችንን ልጅ እንደ ምሳሌ አነሳሁብሽ፤ ሐኪም በሰጣት ቅባት ፊቷ ተቃጠለ አልኩሽ። ያ ውሸት ነበር። ቅባቱን ራሷ ከሱቅ ገዝታ እንደተቀባችው ያኔም አውቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ወር እጅሽና እግርሽ ላይ ብቻ ነው የወጋሁሽ። ትንሽ ቀነሰልኝ ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ትንሽ አልበቃኝም። ጉልበት ያመመው ሰው ሲመጣ መርፌውን የማስገባው የሚያመው ቦታ አጠገብ ነው፤ ፊትም እንዲሁ ነው አልኩ። አንድ ቅዳሜ ግራ ጉንጭሽ ላይ ያበጡትን አንድ በአንድ ወጋሁ። መርፌዎቹን በድስት ቀቅዬ በአረቄ ጠርጌያቸዋለሁ። የስንት ሰው ጉልበት ሲወጉ የኖሩ መርፌዎች ናቸው።

"አባዬ፣ ያመኛል" አልሽ።

"አያምም" አልኩሽ።

"የሚያመኝ እኔን ነው ወይስ አንተን?" አልሽኝ። አፍሽ የእኔ ነው አልኩና ሳቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ዓይንሽ ተከደነ። እናትሽ "ኮርሳ፣ ልጅቷ እየነደደች ነው" ስትለኝ "መርዙ እየወጣ ነው፤ ሁለት ቀን ታገሡ" አልኩ። በአምስተኛው ቀን ዕድር ስብሰባ ሄድኩ። ስመለስ አልጋሽ ባዶ ነው። ቦና በጀርባው አዝሎሽ አስፋልት ድረስ ወጥቶ፣ በታክሲ ሆስፒታል አድርሶሻል። አሥራ አንድ ቀን ተኛሽ። ጉንጭሽን ቀደው መግሉን አወጡት። እኔ አንድ ቀን መጥቼ አልጠየቅኩሽም። "ያለ ፈቃዴ ነው የወሰዷት" እያልኩ ቤት ተቀመጥኩ።

በፋሻ ተጠቅልለሽ ስትመለሺ ጎረቤቱ እንኳን ማረሽ ሊል መጥቶ ቤቱ ሞልቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ሁለት ቀን ብትታገሥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ" አልኩ። አላለቀስሽም። ቀና ብለሽ አየሽኝና "አባዬ፣ ተሳስቻለሁ በል። ሌላ ምንም አልፈልግም" አልሽ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ከኋላዬ "እስክትል ድረስ ሁለተኛ ፊትህ አልቆምም" ስትዪ ሰምቻለሁ። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ ትረሺዋለሽ ብዬ ነው። ከፊቴ እየሸሸሽ ከረምሽ፤ በዓመቱ ኮሌጅ ደርሶሽ ጅማ ሄድሽ፤ ከዚያ በኋላ ቤቴን አልረገጥሽም።

አሁን ደግሞ ስለ ታኅሣሥ ልንገርሽ። ለቡ ሰፈር አዲስ ከተሠሩት ፎቆች በአንዱ ላይ እንደ እኔው በመርፌ የሚያክም የአኩፓንክቸር ክሊኒክ ተከፍቷል። ዶክተሯ አምሳለ ትባላለች፤ ቻይና ተምራ የመጣች ናት። ዓመት ሙሉ በበሩ ሳልፍ ገብቼ አላውቅም። ከሽማግሌዎቹ በኋላ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ጉልበቴን ያመኛል ብዬ ገባሁ። መጽሐፌን በፌስታል ይዣለሁ።

መርፌውን ከታሸገ ወረቀት አውጥታ ወጋችኝ፤ ስትጨርስ ቢጫ ሣጥን ውስጥ ጨመረችው።

"ይጣላል?" አልኳት።

"አንድ ጊዜ ነው አባባ። ለሌላ ሰው አይደገም፣ ለራስዎም አይደገም።"

መጽሐፉን ሳወጣላት ፊቷ በራ። "ማን አስተማረዎት?" አለች። ማንም አላስተማረኝም ስላት ሥዕል እየገለጠች ጠየቀችኝ። እጅ ላይ፣ ክርን ላይ፣ ከጉልበት በታች እያልኩ ሁሉንም መለስኩላት። "ይገርማል! ከእኔ ጋር ከተማሩት ይሻላሉ" አለች። ደስ አለኝ ሌንሳ። ለዚያ ጉዳይ ሄጄ እንኳ ደስ አለኝ። ከዚያ ጠየቅኳት።

"ብጉር ላይስ የት ይገባል?"

"ብጉሩ ላይ?" አለች። "ብጉሩ ላይማ አይገባም አባባ። መግል የያዘ ቦታ መውጋት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ መላክ ነው። እጅና እግር ላይ እንሠራለን። እሱም ለአንዳንዱ ይረዳል፣ ለአንዳንዱ ምንም አይለው። ጥናቱ ገና ነው፤ አልዋሽዎትም። ጠንከር ያለ ከሆነ እኔው ራሴ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ጋ ነው የምልካቸው።"

"ለጉልበት ግን የሚያመው ጋ ነው።"

"ጉልበት ሌላ፣ ፊት ሌላ። የፊት ደም ወደ ጭንቅላት የሚሄድበት መንገድ አለው። እዚያ ከተመረዘ ሰው ይሞታል።" ከዚያ መጽሐፉን ዘጋችና አየችኝ። "የሰው ፊት ወግተው ያውቃሉ እንዴ?"

"አላውቅም" አልኩ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሚወጣው የሚወርደው ያልፈኛል። አንድ ሴትዮ "አባባ፣ ልደግፍዎት?" ስትለኝ እንኳ ቀና አላልኩም። ሰው ይሞታል አለች። አንቺ በትኩሳት ስትቃጠዪ እኔ ዕድር ላይ ስለ ድንኳን እከራከር ነበር።

ቤት ስገባ እናትሽን "ያኔ ሐኪሞቹ ምን አሏችሁ?" ብዬ ጠየቅኳት። የያዘችውን አስቀመጠች።

"ዘጠኝ ዓመት ቆይተህ ዛሬ ጠየቅከኝ?" አለች። ከዚያ "አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አሉን" አለችና አልጨረሰችውም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ብትከራከረኝስ? እሱን አልችለውም ነበር።"

ሠላሳ አምስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ይህን ፈርታ ኖራለች።

በማግስቱ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ዶክተሯን ዋሽቼሻለሁ፣ የወጋሁት የልጄን ፊት ነው አልኳት። ወንበር ስባ ውሃ ሰጠችኝ። ሣጥኑን ከነመርፌው አስረከብኳት፤ ዓይኔ እያየ ቢጫው ሣጥን ውስጥ ጨመረችው። መጽሐፉን ግን አልጣልኩም። መጽሐፉ ምንም አላጠፋም።

እንግዲህ ሌንሳ፣ ተሳስቻለሁ።

ሁለት ቀን ብትታገሺ ኖሮ ትሞቺ ነበር። ያኔ መናገር የነበረብኝ ይህን ነው። የጠየቅሽኝ ሰው ፊት ስለሆነ እናትሽ ይህን ደብዳቤ ሰው ባለበት ጮክ ብላ እንድታነበው ነግሬያታለሁ። አንቺ ካልወደድሽ ግን ብቻሽን አንብቢው፤ ፈቃዱ የአንቺ ነው። እኔ ባለፈው እሑድ ዕድሩ ላይ ተነስቼ ተናግሬዋለሁ። አንዳንዱ አቀረቀረ። አንዱ ሽማግሌ "ኮርሳ፣ ያለፈ ነገር ነው፤ ተቀመጥ" አለኝ። አላለፈም አልኩትና እስክጨርስ ቆምኩ።

ይህን ስላልኩ ተመልሰሽ ነይ አልልሽም። ዋጋ አድርጌ አልጻፍኩትም። ትናንት ቦና ጋ ሄጄ "የምትድራት አንተ ነህ፤ በአባት ቦታ ቁም" አልኩት። "ጋሼ፣ ሁለታችንም እንቁም፤ እኔ እለምናታለሁ" አለኝ። እንዳትለምናት አልኩት። ስትቃጠዪ ያዘለሽ እሱ ነው። እሱ ሲስምሽ አንገትሽን ደፍተሽ ተቀበይው፤ ይገባዋል። በጉልበቱ ተደፍቶ ሲያለቅስ ትቼው ወጣሁ። ታናሼ ሲያለቅስ ያየሁት አባታችን በንቲ ሲሞት ብቻ ነበር።

ስለ ሚሳኤል ጠይቄ አልሰለልኩም። እናትሽ ግን አንድ ነገር ነገረችኝ። ከተጫጫችሁ በኋላ ጠባሳሽን በሜካፕ ልትሸፍኚ ስትዪ "ለማን ብለሽ?" አለሽ አሉ። ይህን ስሰማ ወጥቼ ግቢ ቆሜ ቆየሁ። ያንን ማለት የሚገባው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው ቢናገርልሽም እግዚአብሔር ይመስገን።

በሠርግሽ ዕለት ሥራ አለብኝ። የውጪው በር ዝጓል፤ ቀለም ልቀባው ነው። እናትሽ እሑድ ቀን ቀለም የሚቀባ ክርስቲያን አላየሁም ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ግን ቀኑን ወስኛለሁ፤ አልለውጥም። ስለዚህ ጥር 17 ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ነኝ። በላይ በኩል ያለው መንገድ ስለተቆፈረ ሙሽራ የያዙት መኪኖች በእኛ በር ነው የሚያልፉት። እንዲቆሙ አልጠይቅም። ጡሩምባ መንፋትም አያስፈልግም፤ ጆሮዬ ከብዷል ብልም የመኪና ድምፅ አያልፈኝም። ሙቀት ስለሚሆን መስኮት ትከፍቺ ይሆናል። ብትከፍቺም ባትከፍቺም እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። በሩ ሰፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ትዳርሽ የሚደማመጥ ሰው ያለበት ይሁን። እግዚአብሔር ልጅ ይስጥሽ፤ ልጅሽ ያመኛል ሲልሽ በመጀመሪያው ቃሉ የምታምኚው እናት ያድርግሽ። የሚሳኤልን እጅ ያለስልስልሽ፤ ቃሉንም አብሮ ያለስልስልሽ። ከእኔ ጥንካሬዬን ወርሰሻል፤ ግትርነቴን እዚህ ለእኔው ተይልኝ።

አባትሽ
ኮርሳ በንቲ